አባዬን አላተኮሰውም

ወንድሜ ሲደውል የሌሊት ተረኛ ነበርኩ። ሜሪላንድ እኩለ ሌሊት ሊሆን ነው፤ አዲስ አበባ ነግቷል። በዚህ ሰዓት ከቤት ስልክ ሲመጣ ልቤ ቀድሞ ይወርዳል። ውጭ አገር የኖረ ሁሉ ያውቀዋል።

«አባዬ እምቢ ብሏል» አለኝ።

«ምኑን?»

«ሁሉንም። ቁርሱን፣ ሻዩን፣ ቁስቋም መሄዱን።»

አባዬ 81 ዓመቱ ነው። ሽሮ ሜዳ ነው የሚኖረው። ዝናብም ይዝነብ፣ መንገዱም ይቆፈር፣ ጠዋት ጋቢውን ተከናንቦ ቤተ ክርስቲያን ሳይስም አይውልም። እሱ ቀረ ማለት ነገር አለ ማለት ነው።

«ያተኩሰዋል?»

«አይ። በብብቱ ለካነው፤ 36.9 ነው። ምንም ትኩሳት የለውም።»

«ያስላል?»

«ትንሽ። ያን ያህል አይደለም።» ዝም አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ትናንት ማታ እማዬን ሲጣራ ነበር» አለኝ።

እማዬ ካረፈች ዘጠኝ ዓመቷ ነው።

ወንድሜ ይህን የነገረኝ እንደ ልጅ ነው፤ ድምፁ ውስጥ እንባ ነበር። እኔ ግን የሰማሁት እንደ ነርስ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት የሠራሁት የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ነው፤ እዚህ ነርሲንግ ሆም የሚሉት። እኛ ዘንድ አንድ ሽማግሌ ድንገት ነገር ሲምታታበት፣ የሞተ ሰው ሲጠራ፣ ወይም ትናንት ደህና ሲራመድ የነበረ ዛሬ ሲወድቅ፣ መጀመሪያ የምንጠይቀው «ምን ኢንፌክሽን ይዞት ይሆን?» ብለን ነው። ትኩሳት አንጠብቅም። ከባድ ኢንፌክሽን ከያዛቸው አረጋውያን ከ20 እስከ 30 በመቶ የሚሆኑት ጭራሽ ትኩሳት አያሳዩም፤ ቢያሳዩም ትንሽ ነው።

«ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ውሰደው» አልኩት።

ከሦስት ሰዓት በኋላ የላብራቶሪ ወረቀቱ ፎቶ በቴሌግራም መጣ። ገና ሳልከፍተው ምን እንደሚል ገምቼ ነበር። እናንተም ገምታችኋል። ታይፎይድም ታይፈስም።

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ሳቄ ነው የመጣው። አገራችን ውስጥ «ታይፎይድና ታይፈስ» ያልተባለ ሰው ካለ እጁን ያውጣ። ራስህን አመመህ፣ ታይፎይድ። ድካም ድካም አለህ፣ ታይፈስ። ሁለቱ በሽታዎች እንደ መንታ አብረው ነው የሚጻፉት። እኔ ራሴ ኮሌጅ ሳለሁ በአንድ ዓመት ሦስት ጊዜ ተብያለሁ። ሳቄን ያቆመው ከወረቀቱ ሥር ያለው የመድኃኒት ትእዛዝ ነው፤ ሲፕሮፍሎክሳሲን የሚባለው አንቲባዮቲክ፣ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ለአሥር ቀን።

ስለዚህ ወረቀት ትንሽ ልቆይበት፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እሱ ላይ ነውና። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ታይፎይድ የተባለበት ምርመራ ዊዳል ይባላል። ፈረንሳዊው ሐኪም ፈርናንድ ዊዳል በ1896 ያወጣው ነው። ደሙ ውስጥ ጀርሙን አይፈልግም። የሚፈልገው ሰውነት ለጀርሙ የሠራውን አንቲቦዲ ነው። ከበሽተኛው ደም የወጣውን ሴረም ከሞተ የታይፎይድ ባክቴሪያ ጋር ያደባልቁታል። አንቲቦዲ ካለ ባክቴሪያው ተያይዞ ይጓጉላል። ከዚያ ሴረሙን እያቀጠኑ እስከ ስንተኛው ድረስ እንደሚጓጉል ያያሉ። ወረቀታችን ላይ 1:80፣ 1:160 እያለ የሚጻፈው እሱ ነው። የታይፈሱ ደግሞ ዋይል ፌሊክስ ይባላል፤ በ1916፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት መሃል የተገኘ ነው። ይሄኛው የባሰ አስገራሚ ነው። የሚጠቀመው ባክቴሪያ ፕሮቲየስ የሚባል ሲሆን ከታይፈስ ጋር ምንም ዝምድና የለውም። ለታይፈስ የተሠራው አንቲቦዲ በአጋጣሚ እሱንም ይይዘዋል፤ በቃ፣ ከዚያ ወዲህ ሲሠራበት ኖረ።

እንግዲህ እነዚህ ሁለቱ የሚጠይቁት ሰውነትን ነው፤ «ይህን ጀርም ታውቀዋለህ ወይ?» ብለው። ሰውነትም «አዎ» ይላል። «መቼ?» ብሎ የሚጠይቀው ግን የለም።

አባዬ አውራ ጎዳና ነበር የሚሠራው። ከሠላሳ ዓመት በላይ መንገድ ሲቀይስ ኖሯል። ባሌ በድንኳን አድሯል፣ ገሙ ጎፋ የወንዝ ውኃ ጠጥቷል፣ ጎጃም ውስጥ ቅማልና ቁንጫ ምን እንደሆነ ያውቃል። የሱ ደም ያላገኘው የአገራችን ጀርም የለም ብል አላጋነንኩም። እንዲህ ያለውን ሰው ደም «ታይፎይድን ታውቀዋለህ?» ብሎ መጠየቅ ሽማግሌን «ጃንሆይን አይተህ ታውቃለህ?» ብሎ ጠይቆ፣ «አዎ» ሲል ዛሬ ጠዋት ቤተ መንግሥት ነበር ብሎ መደምደም ነው።

በዚያ ላይ ወንድሜ ሌላም ነገር ነገረኝ፤ እንደ ዋዛ፣ ስልኩን ሊዘጋ ሲል። ትንሹ ልጁ ከትምህርት ቤት ጉንፋን ይዞ መጥቶ፣ ባለፈው ሳምንት ቤቱ ሁሉ ሲያስል ነበር። የወንድሜ ሚስት ሁለት ቀን ተኝታለች። ልጁ ደግሞ ከአያቱ አልጋ አይወርድም።

ቫይረስ ነው አልኩ በልቤ። ግን በልቤ ማለቴ ምን ዋጋ አለው? ወረቀቱ በእጃቸው ነው። ወረቀት ደግሞ ከአሜሪካ ከምትደውል እህት ይልቅ ይታመናል።

ያን ሌሊት በእረፍት ሰዓቴ ተቀምጬ አንድ ጥያቄ ሳመላልስ ነበር። ሰውነትን መጠየቅ በራሱ ስህተት አይደለም። የተጠየቀው ጥያቄ ነው የተሳሳተው። «ይህን ታውቀዋለህ?» ሳይሆን «አሁን ከማን ጋር እየተጣላህ ነው? ከባክቴሪያ ወይስ ከቫይረስ?» ብሎ መጠየቅ አይቻልም ወይ?

ይቻላል። ሰውነት ለሁለቱ የሚያወጣው ድምፅ የተለያየ ነው።

ለባክቴሪያ የምንሰማው ድምፅ አሮጌ ነው። በ1930 ኒው ዮርክ ሮክፌለር ተቋም ውስጥ ዊሊያም ቲሌትና ቶማስ ፍራንሲስ የሳንባ ምች በያዛቸው ሰዎች ደም ውስጥ አንድ ፕሮቲን አገኙ። ዛሬ ሲአርፒ የምንለው ነው። ጉበት ነው የሚሠራው፤ ኢንፌክሽን ሲነሳ በሰዓታት ውስጥ መውጣት ይጀምራል፣ በሁለት ቀን ጣራ ይነካል። በባክቴሪያ ጊዜ በብዛት፣ በተራ ቫይረስ ጊዜ በጥቂቱ። አዲስ አበባም በብዙ ላብራቶሪ ይሠራል። ታናሽ ወንድሙ ፕሮካልሲቶኒን ነው፤ ከ1993 ጀምሮ የታወቀ። በባክቴሪያ ይወጣል፤ ቫይረስ ሲሆን ኢንተርፌሮን የሚባለው ነገር ያፍነዋል።

የቫይረሱ ድምፅ ያው ኢንተርፌሮን ራሱ ነው። በ1957 ለንደን ውስጥ አሊክ አይዛክስና ዣን ሊንደንማን ያገኙት ነው። በቫይረስ የተጠቃ ሴል ለጎረቤቶቹ «ተነሱ፣ በር ዝጉ» ብሎ የሚልከው መልእክት ነው። ያ ሊንደንማን በኋላ በ1962 ኢንፍሉዌንዛ የማይገድላቸው የአይጥ ዘሮችን አገኘ። ከነሱ ምስጢር ተነስቶ ነው ኤምኤክስኤ የሚባለው ፕሮቲን የታወቀው። ኢንተርፌሮን ሲጮህ ሴሎች የሚያወጡት ጋሻ ነው። ደም ውስጥ ኤምኤክስኤ ከፍ ካለ፣ ሰውነት ከቫይረስ ጋር ተያይዟል ማለት ነው፤ የትኛው ቫይረስ እንደሆነ ግን አይነግርህም።

እነዚህን ሁለት ድምፆች አንድ ላይ የሚሰማ ትንሽ የፕላስቲክ መመርመሪያ አለ፤ ፌብሪዲክስ ይባላል። ከጣት ጫፍ ጠብታ ደም፣ አሥር ደቂቃ። ሲአርፒንና ኤምኤክስኤን አብሮ ያያል። አሜሪካ ውስጥ በ2023 ተፈቀደ። እኔ ያን ጊዜ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር። ይሄ ነገር ሽሮ ሜዳ ቢኖር ብዬ አሰብኩ። ማሽን አይፈልግ፣ መብራት ሄደ አይል።

ከዚያ የፈቃዱን ዝርዝር አነበብኩ። ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 64 ለሆኑ ሰዎች። ሕመሙ ከጀመረ ከ7 ቀን በታች፣ ትኩሳቱ ከጀመረ በ3 ቀን ውስጥ።

64። አባዬ ይህን ድንበር ካለፈ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው። እኔ የምንከባከባቸው ሰዎች አንዳቸውም አይገቡበትም። በዚያ ላይ የመግቢያው በር ትኩሳት ነው፤ እነሱ ደግሞ አያተኩሳቸውም።

መጀመሪያ ተናደድኩ። ዕድሜ ሲገፋ ሰውን መርሳት የተለመደ ነው፤ ላብራቶሪውም ረሳቸው ብዬ። ቆይቼ ሳስበው ግን ያ ቁጥር ሐቀኛ ነው። ያልተረጋገጠበት ዕድሜ ላይ ይሠራል አላለም። ዊዳል እንደዚያ ዓይነት ሐቅ ቢኖረው ኖሮ ስንት ክኒን በዳነ።

ለምን ግን ሽማግሌ ላይ ይከብዳል?

የሰፈራችንን ዘበኛ አስቡ። ወጣት ሳለ ድመት ዘላ ብትገባ ፊሽካ ይነፋ ነበር። አሁን አርጅቷል። ሌባው አጥር ላይ ወጥቶ፣ ግቢ ገብቶ፣ በር እስኪያንኳኳ ድረስ አይሰማም። ሲሰማም ፊሽካው ደካማ ነው። የአረጋዊ ሰውነትም እንደዚያ ነው። ኢንተርፌሮንን በብዛት የሚያመርቱት የደም ሴሎች በቁጥርም በጉልበትም ይቀንሳሉ። ምልክቱ ዘግይቶ፣ አንሶ ይመጣል። በወጣት ደም የተሠመረ መስመር ላይ ሳይደርስ ይቀራል። ምርመራውም «ቫይረስ የለም» ይላል።

ችግሩ ይሄ ብቻ ቢሆን መስመሩን ዝቅ ማድረግ ነበር። ግን ሁለተኛው ችግር የዚህ ተቃራኒ ነው። በ2000 ጣሊያናዊው ሳይንቲስት ክላውዲዮ ፍራንቸስኪና ባልደረቦቹ አንድ ነገር ስም አወጡለት፤ ከእርጅና ጋር የሚመጣ፣ የማይበርድ፣ ዝም ያለ የሰውነት መቆጣት። ሪህ፣ ስኳር፣ የልብ ድካም፣ የድድ ሕመም ሲጨመርበት የአንዳንድ ሰው ሲአርፒ ጤነኛ በሆነበት ቀን እንኳ ከፍ ብሎ ይውላል። ኩላሊት ሲደክም ፕሮካልሲቶኒንም ከፍ ይላል። ሌሊቱን ሙሉ የሚጮህ ውሻ ሌባ ሲመጣ ማን ይነሳለታል?

ስለዚህ አንዱ ምልክት ሲያንስ ሌላው ሲበዛ፣ የ81 ዓመት ደም «ባክቴሪያ ነው» የሚል መልክ በቀላሉ ይይዛል። ቫይረሱ ተሰውሮ።

ሦስተኛው ነገር ነው እኔን በእውነት እንቅልፍ የነሳኝ። በ2021 የወጣ አንድ ትልቅ ጥናት አለ። ከ34,000 በላይ ኮቪድ ያልያዛቸው ሰዎችን ደም አዩ። ዕድሜያቸው ከ70 በላይ ከሆኑት ውስጥ 4 በመቶ ገደማ የራሳቸውን ኢንተርፌሮን የሚያጠፋ አንቲቦዲ ነበራቸው። ከ70 በታች ካሉት ውስጥ ይህ 1 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ከኮቪድ ሟቾች ደግሞ 20 በመቶ ገደማው ይህ አንቲቦዲ ተገኝቶባቸዋል። ዘበኛው ፊሽካ ሊነፋ ሲል የገዛ ወንድሙ አፉን ያፍነዋል ማለት ነው። ሰውየው ይህን አያውቅም። ቫይረስ እስኪመጣ ድረስ ምንም አይሰማውም።

በ2020 የጸደይ ወራት የነበሩ ፊቶች አሁንም ፊቴ ላይ ይመጣሉ። በዚያን ጊዜ ሲያትል አካባቢ ባለ አንድ የአረጋውያን መኖሪያ የተደረገ ምርመራ 48 ነዋሪዎች ቫይረሱ እንዳለባቸው አገኘ። ከነሱ 27ቱ በምርመራው ዕለት ምንም ምልክት አልነበራቸውም፤ ብዙዎቹ ያመማቸው በኋላ ነው። እኛም ዘንድ እንደዚያው ነበር። ምሳዋን በልታ፣ ቴሌቪዥን አይታ የተኛች ሴት ጠዋት ኦክሲጅኗ ወርዶ ታገኛታለህ። ስለዚያ ወር ከዚህ በላይ አልጽፍም።

እርጅና ጉድለት ብቻ ነው እንዳይመስላችሁ ግን። አሮጌ ሰውነት ያስታውሳል። በ2009 አዲሱ ኢንፍሉዌንዛ ሲነሳ ሳይንቲስቶች ተቀምጦ የቆየ ደም መረመሩ። ዕድሜያቸው ከ60 በላይ ከነበሩት አሜሪካውያን ሲሶው ቫይረሱን የሚይዝ አንቲቦዲ ቀድሞውንም ነበራቸው። በልጅነታቸው ዘመዱን አግኝተውት ስለነበር ነው። ሕፃናቱ ምንም አልነበራቸውም። የኛው የኅዳር በሽታ፣ የ1918ቱ ማለቴ ነው፣ በየአገሩ ሽማግሌ እያለፈ ጎልማሳውን ያጨደው በዚሁ ዓይነት የድሮ ትውውቅ ሳይሆን አይቀርም የሚሉ ብዙ ናቸው። ኅዳር ሲታጠን ቆሻሻ እያቃጠልን ስንሳሳል ይሄን ማን ያስባል።

«ለምን ይሄ ሁሉ ጣጣ፣ አፍንጫውን ጠርጎ ቫይረሱን ራሱን መፈለግ አይሻልም?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ልክ ነው። ፒሲአር ካለ ፒሲአር ነው። እኛ ቤት አንድ ሰው ሳል ሲጀምር መጀመሪያ የምናደርገው እሱን ነው፤ ኢንፍሉዌንዛ ከሆነ መድኃኒቱ በ48 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው ጥሩ የሚሠራው።

ግን እሱም ሽማግሌ ላይ ይሰንፋል። አርኤስቪ የሚባለውን ቫይረስ ውሰዱ። ሰው የሕፃናት በሽታ ይመስለዋል። ሕፃን ሲይዘው አፍንጫው በቫይረስ ይሞላል። ሽማግሌ ሲይዘው አፍንጫው ላይ የሚገኘው ጥቂት ነው፣ ሳንባው ግን ይጎዳል። ኒው ዮርክ ግዛት፣ ሮቸስተር ውስጥ አን ፎልሲና ባልደረቦቿ አራት ክረምት አረጋውያንን ተከታትለው በ2005 ያወጡት ጥናት ነው ዓይን የከፈተው። በየዓመቱ ከ3 እስከ 7 በመቶ የሚሆኑትን ጤነኛ አረጋውያን ይይዛቸዋል። ይህን ያወቁት አፍንጫ ብቻ አይተው አይደለም። በሕመሙ ጊዜና ከሳምንታት በኋላ ሁለት ጊዜ ደም ወስደው፣ አንቲቦዲው በአራት እጥፍ መጨመሩን አይተው ጭምር ነው። አያችሁ፣ አንቲቦዲ ራሱ ጥፋት የለበትም። ሁለት ጊዜ ከጠየቅከው «መቼ?» የሚለውንም ይመልሳል። ዊዳልም ጥንት ሁለቴ መሠራት የነበረበት ነው። እኛ አንዴ ሠርተን ክኒን እንጽፋለን።

ደግሞ ፒሲአር የሚያገኘው የፈለግኸውን ቫይረስ ብቻ ነው። አፍንጫ ውስጥ ተቀምጦ ያገኘኸው ቫይረስም ሳንባውን የጎዳው እሱ ነው ማለት አይደለም፤ ባክቴሪያ ተደርቦበት ሊሆን ይችላል። ሰውነቱ ከማን ጋር እየታገለ እንደሆነ የሚነግርህ የሰውነቱ ምልክት ነው። ለዚህ ነው ሥራው ያልቆመው። አንድ የእስራኤል ኩባንያ ሲአርፒን ከሌሎች ሁለት ፕሮቲኖች ጋር አንድ ላይ አይቶ ከ0 እስከ 100 ነጥብ የሚሰጥ ምርመራ አውጥቷል፤ አሜሪካ በ2021 ፈቀደችው። ከሁለቱ አንዱ፣ ትሬይል የሚባለው፣ በቫይረስ ከፍ ብሎ በባክቴሪያ ዝቅ ይላል። ይሄ የኔ ተወዳጅ ነው። ሁሉም ነገር በሚጨምርበት ሰውነት ውስጥ የሚቀንስ ነገር ማግኘት ትልቅ ነገር ነው።

የሚገርመኝ ግን ከምርመራው በኋላ ያለው ነው። ቁጥሩ ትክክል ሆኖም ሰው ላይሰማው ይችላል። በ2018 አሜሪካ ውስጥ በ14 ሆስፒታሎች፣ 1,656 በሽተኞች ላይ ሙከራ ተደረገ። ለግማሾቹ በሽተኞች ሐኪሞች የፕሮካልሲቶኒን ውጤት ከነመመሪያው ተሰጣቸው። ልዩነት አልመጣም፤ በአማካይ 4.2 ቀን አንቲባዮቲክ ከ4.3 ቀን ጋር። በዓመቱ ደግሞ እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ የቆየ የሳንባ ሕመም ያለባቸው 653 ሰዎች ላይ፣ እዚያው ሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ በሚሠራ ሲአርፒ ሞከሩት። አንቲባዮቲክ የወሰዱት ከ77.4 በመቶ ወደ 57 በመቶ ወረዱ፤ በጤናቸውም ላይ ጉዳት አልታየም። ሐኪሙና በሽተኛው ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ ውጤቱ ሲወጣ አብረው ሲያዩት ነገሩ የተለየ ይመስለኛል። ይሄ የኔ ግምት ነው።

ወደ አባዬ ልመለስ።

ክኒኑን ጀመረ። እኔ «አይጀምር» ብዬ ነበር፤ ግን ሐኪም ያዘዘውን ማን ይከለክላል? በአራተኛው ቀን ተረከዙ ከኋላ በኩል ያመኛል አለ። ወንድሜ ይህንንም እንደ ዋዛ ነው የነገረኝ። እኔ ከተቀመጥኩበት ተነሳሁ። ሲፕሮና ዘመዶቹ ጅማት እንደሚያቆስሉ፣ እስከ መበጠስም እንደሚያደርሱ፣ ይህም ከ60 ዓመት በላይ በሆኑት ላይ እንደሚብስ አሜሪካ ውስጥ ከ2008 ጀምሮ መድኃኒቱ ላይ በጥቁር ሣጥን የተከበበ ማስጠንቀቂያ ሆኖ ተጽፏል። «አሁኑኑ ያቁም፣ ሌላ ሐኪም ይየው» አልኩ። ምናልባት ጮኼም ይሆናል። ወንድሜ ሁለት ቀን አኩርፎኛል።

ሁለተኛው ሐኪም ወጣት ነው። አባዬን «አባባ፣ የትኛው ይብስብዎታል፣ ሳሉ ነው ድካሙ?» ብሎ ጠየቀው አሉ። ቤት ውስጥ ሌላ የታመመ አለ ወይ ብሎም ጠየቀ። ሲአርፒ አሠራለት፤ 14 ወጣ፣ ለባክቴሪያ ትንሽ ነው። ራጁ ንጹሕ ነው። ኦክሲጅኑም ደህና ነው። «ቫይረስ ይመስለኛል። ሲፕሮውን ይተዉ። ፈሳሽ ይስጡት፣ ከባሰበት ይመለሱ» ብሎ ሸኛቸው። ወንድሜ «መድኃኒት እንኳ አላዘዘም!» ብሎ ቅር አለው። አባዬ ግን በሰፈር ሰው ምክር ዳማከሴ ታሽቶለት፣ አጥሚት እየጠጣ፣ በሁለት ሳምንቱ ቁስቋም ሄደ። ምች ነበር የመታኝ ነው የሚለው እስከ ዛሬ።

ከዚያ በኋላ ለወንድሜ አንድ ሥራ ሰጠሁት። ካኮረፈኝ በኋላ እንዴት እሺ እንዳለኝ አላውቅም። አባዬ ደህና ሆኖ ሳለ፣ ለሁለት ሳምንት፣ በየጠዋቱ ሙቀቱን ለካና ጻፍልኝ አልኩት። በዚያው ቴርሞሜትር፣ በዚያው ብብት።

ባንኩ የሰጣቸው የቀን መቁጠሪያ ላይ ጻፈው። ፎቶውን ላከልኝ። 35.7። 35.8። 35.6። 35.7። ከ35.8 ያለፈበት ቀን የለም።

እዚህ ለአረጋውያን መኖሪያዎች በ2008 የወጣ መመሪያ አለ። ሥራ ስጀምር ነው ያስጠኑኝ። ሽማግሌ አተኮሰው ለማለት 38 አትጠብቁ ይላል። በአፍ አንዴ ከ37.8 ካለፈ፣ ወይም ደጋግሞ ከ37.2 ካለፈ፣ ወይም ከራሱ ከተለመደው ሙቀት በ1.1 ከጨመረ፣ ትኩሳት ነው።

ከራሱ ከተለመደው። 36.9 ሲቀነስ 35.7።

ስልኬ ላይ ያለውን ማስያ ከፍቼ ሠራሁት፤ ራሴን ሳላምን። 1.2።

ወንድሜ ሲደውል «ምንም ትኩሳት የለውም» ያለኝ ዕለት አባዬን አተኩሶት ነበር።

እዚያው ያለ ቁጥር ነው። ወንድሜ ትክክል ለካ፣ ትክክል አነበበ፣ ትክክል ነገረኝ። እኔም ሰምቼ አለፍኩት፤ የአሥራ ሁለት ዓመት ነርስ። እዚህ ለሰው እናትና አባት ዘወትር የማደርገውን ማነጻጸር ለገዛ አባቴ አላደረግኩም፤ የሱን ቁጥር አላውቀውማ። የደም ግፊቱን አውቃለሁ፣ የጫማውን ቁጥር አውቃለሁ፣ ደህና ሲሆን ስንት እንደሚሞቅ ግን አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም።

ኢኤስአር የሚባለውን ምርመራ አስታወሰኝ፤ አገር ቤት ሁሌ ከሚታዘዙት አንዱን። ደሙ በቀጭን ቱቦ ውስጥ በአንድ ሰዓት ስንት እንደዘቀጠ የሚያይ ነው። እኛ ስንማር ያስተማሩን ዘዴ ነበር። ለወንድ ዕድሜውን ለሁለት አካፍል፣ ለሴት አሥር ደምረህ ለሁለት አካፍል፤ ያ ነው ጣሪያው። ስለዚህ የ80 ዓመት ሴት 45 ቢወጣላት አትደንግጥ። ጣት የሚያስቆጥር፣ ሸካራ ዘዴ ነው። ግን ከሰውየው ጋር አብሮ ያረጀ ምርመራ ከሱ ሌላ ብዙ አላውቅም።

አሁን የአባዬ ቀን መቁጠሪያ ላይ በየሰኞው ቁጥር አለ። ወንድሜ ይጽፋል። ትንሹ ልጁ ቴርሞሜትሩን ይዞ ይቆማል፣ ጲጵ ሲል እሱ ነው የሚያነበው። ሰኞ ሰኞ ከሥራ ስወጣ እደውላለሁ።

«ዛሬ ስንት ነው አባዬ?»

«ሠላሳ አምስት ከስምንት አሉኝ።»

«ጎሽ!»

«ታዲያ ደህና ነኝ ማለት ነው። በይ ዝጊው፣ ካርድ ያልቅብሻል።»